ያረጀውን ባኞ ራሳችን እናድሰው ወይስ ባለሙያ እንቅጠር?

አንድ ቤት ሲያረጅ ባለቤቱን በመጀመሪያ የሚያሳፍረው ባኞ ቤቱ ነው። የሳሎኑ ግድግዳ ቢላጥ ሥዕል ይሰቀልበታል፤ ወለሉ ቢቦረቦር ምንጣፍ ይነጠፍበታል፤ ጣሪያው ቢያፈስ እንኳ ክረምት እስኪገባ ድረስ ማንም አያየውም። ባኞው ግን መሸፈኛ የለውም። ከቧንቧው ሥር የወረደው የዝገት መስመር፣ ከወለሉ ላይ የተላጠው ጥቁር ቦታ፣ በጠርዙ ዙሪያ የተጋገረው ቢጫ ነገር፣ ሁሉም እጁን ሊታጠብ ለገባ እንግዳ ወለል ብሎ ይታያል። ከዚህ የተነሣ በቤቱ የሚኖር ሰው አንድ ቅዳሜ ጧት ተነሥቶ «ይህን ነገር እኔው ራሴ ቀብቼ ልገላገለው ወይስ ሰው ልጥራ?» ብሎ ማሰቡ የማይቀር ነው።

ጥያቄው ሲያዩት የገንዘብ ብቻ ይመስላል። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ጸሐፊ ወይም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ለሚማር ወጣት ገንዘቡ ቀላል ነገር አለመሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ መመልከት ይገባል።

በአገራችን ባኞ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በአዲስ አበባም በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከዚያም በኋላ ከተሠሩት ቪላዎች አንዳንዶቹ ከባድ የብረት ባኞ ነበራቸው። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ በቆሙት ውስጥ ግን አሮጌው ገንዳ ዛሬም ያገለግላል። በዋሽንግተንና በአካባቢው በአሮጌ አፓርታማ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይኸው ዓይነት ገንዳ ያጋጥማቸዋል፤ በዚያ አገር ተከራይ በወጣ ቁጥር ባኞውን አስቀብቶ ለሚቀጥለው ተከራይ ማቅረብ የተለመደ ሥራ ነው።

ነጩ ነገር ቀለም አይደለም

ስለ ማደስ ከመነጋገር በፊት የሚታደሰው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሮጌው የብረት ባኞ ላይ የምናየው ነጭና አብረቅራቂ ልባስ ቀለም አይደለም፤ መስተዋት ነው። ኢናሜል ይባላል። እናቶቻችን ያስቀምጧት የነበረችው ጠርዟ ሰማያዊ የሆነች ነጭ የብረት ኩባያ የተለበሰችው በዚሁ ነው። የመስተዋት ዱቄት በብረቱ ላይ ይደረግና ብረቱ ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ሲግል ዱቄቱ ቀልጦ ከብረቱ ጋር ይዋሐዳል። ከዚህ የተነሣ ጠንካራ፣ ለስላሳና ውኃ የማያስገባ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ እንደ ማናቸውም መስተዋት ከባድ ነገር ቢወድቅበት ይሰነጠቃል።

የዚህ ሥራ ታሪክ ደስ የሚያሰኝ ነው። ጆን ማይክል ኮለር የሚባል በኦስትሪያ የተወለደ ሰው በአሜሪካ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት የእርሻ ዕቃ ያቀልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ዓ.ም. ለከብት ውኃ ማጠጫና ለአሳማ መንጫ የሚያገለግል የብረት ገንዳ ወስዶ በእሳት አጋለና ኢናሜል ነሰነሰበት፤ በካታሎጉም ላይ አራት እግር ቢጨመርበት ለገላ መታጠቢያ ይሆናል ብሎ አሳተመ። ድርጅቱ እንደሚተርከው የመጀመሪያውን ገንዳ የገዛው ገበሬ የከፈለው አንዲት ላምና 14 ዶሮዎች ነበር። በዚያው ዘመን ገደማ ዴቪድ ቢዩክ የተባለው ስኮትላንዳዊ በዲትሮይት ከተማ ኢናሜልን ከብረት ጋር በማዋሐድ ጥበብ ስም አወጣ። በኋላ ግን ልቡ ወደ ሞተር አዘነበለና የባኞውን ንግድ ሸጦ መኪና መሥራት ጀመረ፤ ስሙ እስከ ዛሬ በመኪና ላይ ተጽፎ ሲሄድ እርሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. በድህነት ሞተ። በባኞው ቢጸና ኖሮ ይሻለው ነበር የሚሉ አሉ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ኢናሜል የሚሠራው በዚህ ያህል እሳት ከሆነ በቤት ውስጥ ሊታደስ እንደማይችል ግልጽ ነው። ባኞው ከቦታው ሳይነሣ «እናድስልዎ» የሚል ሰው ሁሉ የሚያደርገው በመስተዋቱ ላይ ሌላ ልባስ መቀባት ነው። ልባሱ አንዳንድ ጊዜ ኤፖክሲ፣ አንዳንድ ጊዜ ዩሬታን ይሆናል፤ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ጠንካራ ቀለም ነው። ራስዎ ቢሠሩትም ባለሙያ ቢሠራውም የቀድሞው መስተዋት አይመለስም። ይህን ማወቅ ከብዙ ቅሬታ ያድናል።

በመጀመሪያ ይታጠብ

ብዙ ጊዜ አርጅቷል የሚባለው ባኞ ያላረጀ፣ የቆሸሸ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ጠንካራ ውኃ ዓመት ከዓመት ሲወርድበት የኖራ ቅርፊት ይጥላል፤ የዛገ ቧንቧም ቡናማ መስመር ያሰምርበታል። ይህ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ በተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተሸፍኖ ቢታሽ በብዛት ይለቃል። ነገር ግን አሲድ አሮጌ ኢናሜልን ያደበዝዛልና ጨርቁን ሌሊቱን ሙሉ ትቶ መተኛት አይገባም። አሸዋነት ባለው ዱቄትና በሽቦ መፈግፈግም የቀረውን ብርሃን ይወስደዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ፤ በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከማናቸውም አሲድ ጋር አለመደባለቅ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለው መርዛም ጋዝ ይወጣል፤ ጠባብና መስኮቱ የተዘጋ ባኞ ቤት ደግሞ ለዚህ ጋዝ የተመቸ ሳጥን ነው። «አንዱ ካላስለቀቀው ሁለቱን በአንድነት ላፍስበት» የሚለው ሐሳብ ለብዙ ሰው የሚመጣ ስለ ሆነ ነው ይህን ያህል መናገሬ።

ከታጠበ በኋላ ጉዳቱ አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ የተላጡ ቦታዎች ብቻ ከሆነ ገንዳውን በሙሉ መቀባት አያስፈልግም። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ በኤፖክሲ መለጠፍ ይበቃል። ቀለሙ ከቀድሞው ጋር ልክ አይገጥም ይሆናል፤ ብረቱ ግን ከመበላት ይድናል። በእኔ አስተያየት ለተከራይ ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው።

ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ?

ማግኔት ቢያስጠጉና ቢይዝ ብረት ነው፤ ባይዝ ፋይበርግላስ ወይም ሌላ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ማግኔት ከያዘ ደግሞ በጣት ጀርባ ይምቱት። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ወፍራም የተቀለጠ ብረት ነው፤ እንደ ድስት ከጮኸ ስስ ላሜራ ነው። ወፍራሙ ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እርሱን ነቅሎ ደረጃ ማውረድ አራት ጎረምሳ የሚፈልግ ሥራ ስለ ሆነ ባለበት ማደሱ ብዙውን ጊዜ ያዋጣል። ስሱ ላሜራ በማፍሰሻው አካባቢ በልቶ ከተበሳ ግን ቀለም አያድነውም፤ ከላይ አምሮ ከሥር ማፍሰሱን ይቀጥላል። እንዲህ ያለው መለወጥ አለበት።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ባኞው ምን ይሠራል? በአዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብዙ ቤተሰብ ባኞውን የሚጠቀምበት ለመታጠቢያነት ብቻ አይደለም፤ ውኃ በመጣ ዕለት ሞልቶ ለሳምንት ያቆይበታል። ከዚያው እየተቀዳ ወጥ የሚሠራበት ቤትም አለ። ይህ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። የባኞ ልባስ የተሠራው ገላ ለመታጠቢያ እንጂ የሚጠጣ ውኃ ለማስቀመጥ አይደለም። አሮጌው ኢናሜልም በውስጡ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ ሳይሆን መርዛማውን ማዕድን ነው። ልባሱ በተፋቀና በደበዘዘ መጠን እርሳሱ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውኃው ሊገባ ይችላል፤ ይልቁንም ሕፃናትን አእምሮአቸውን ይጎዳል። ስለዚህ ቢታደስም ባይታደስም የሚጠጣውና የሚበሰልበት ውኃ በንጹሕ ጀሪካን ይቀመጥ፤ የባኞው ለወለልና ለልብስ ይሁን።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ባኞው ይታጠባል፤ ቅባትና ሳሙና እንዳይቀርበት ተደጋግሞ ይጠራል፤ በጠርዙ ያለው አሮጌ ሲሊኮን ይነሣል፤ የተላጠው ቦታ ይሞላል። ከዚያ ልባሱ እንዲይዝ የመስተዋቱ ፊት ይሻከራል፤ ልባሱ በብሩሽ፣ በሮለር ወይም በመርጫ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባል፤ ሳይነካም ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ልባሱ ለመላጥ ምክንያቱ ከመቶ ዘጠናው የቅቡ ጥፋት ሳይሆን የማዘጋጀቱ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። በለስላሳ መስተዋት ላይ የተቀባ ቀለም በቅባት ላይ እንደ ተለጠፈ ቴምብር ነው።

በመርካቶ በር የሚቀባበትን የዘይት ቀለም ገዝቶ ባኞ የሚቀባ አለ። ቀለሙ ለሳምንት ያምራል፤ ሙቅ ውኃ ሲያገኘው እንደ ድንች ልጣጭ ይነሣል። በአሜሪካ የዕቃ መደብሮች ለዚህ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ ሙሉ ዕቃ ከመቶ ዶላር ባነሰ ይገኛል፤ በጥንቃቄ ከተሠራ ጥቂት ዓመታት ያገለግላል። ባለሙያው በዚያ አገር ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 600 ዶላር ይጠይቃል፤ በደንብ የተሠራና በደንብ የተያዘ ከሆነ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል።

የማሻከሩ ሥራ ነው ነገሩን የሚያከብደው። ባለሙያዎች አንዳንድ ጊዜ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይጠቀማሉ፤ ምክንያቱም መስተዋትን የሚበላው አሲድ ይህ ነውና። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል፤ እስከዚያ አሲዱ ወደ አጥንት ዘልቆ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይይዛል። ይህን ነገር በቤቱ ሊሞክር የሚያስብ ሰው ቢኖር ይተወው። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ይቻላል፤ ነገር ግን እርሳስ ያለበት አቧራ እንዳይነሣ ሁልጊዜ በውኃ እየረጠበ ይሁን፤ ሕፃናትም ከቤቱ ይውጡ።

የአሥራ ሦስቱ ሰዎች ነገር

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበው ደረስን። ባኞው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተቀብቶ ከነበረና ያ ልባስ እየተላጠ ከሆነ አዲሱ ከመቀባቱ በፊት አሮጌው መነሣት አለበት። ለዚህ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ሜቲሊን ክሎራይድ የተባለ ፈሳሽ ነበር። ቀለምን በደቂቃዎች ውስጥ አሳብጦ ያስነሣል። ነገር ግን 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚፈላ በመሆኑ በክፍሉ ሙቀት ቶሎ ይተናል፤ ትነቱም ከአየር ሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ በገንዳው ውስጥ እንደ ውኃ ይተኛል። ሠራተኛው ደግሞ የገንዳውን ወለል ለመፋቅ ጎንበስ ብሎ ራሱን ወደዚያው ያስገባል።

ትነቱ መጀመሪያ ያፈዛል፤ ቀጥሎ ያስተኛል። ወደ ሰውነት የገባውም ተለውጦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። በቤታችን ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የተኛን ሰው የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ከ2000 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ቢያንስ 13 ባኞ አዳሾች በዚህ ፈሳሽ ሲሠሩ መሞታቸውን ገለጠ። አየር በማይገባበት ባኞ ቤት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ፊት ላይ የሚደረገው ተራ ጨርቅ ለዚህ ምንም አያደርግም፤ ከሰል ያለበት የመተንፈሻ ጭምብል እንኳ ለሜቲሊን ክሎራይድ በቂ አይደለም፤ ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ መምጣት አለበት። የአሜሪካ መንግሥት ፈሳሹ ለቀለም ማስለቀቂያነት ለተራው ሰው እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ከለከለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ደግሞ አብዛኛውን የቀረውን አጠቃቀም የሚከለክል ደንብ አወጣ። ይሁን እንጂ ክልከላ በሌለበት አገር ወይም በአሮጌ ጣሳ ውስጥ የቀረ ሊገኝ ስለሚችል በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ስም ማንበብ ግዴታ ነው።

በዚህ ዘገባ ላይ አንድ ልብ የሚነካ ነገር አለ። የሞቱት ሠራተኞች ናቸው፤ ገንዘብ ተከፍሏቸው የሰው ባኞ ሊያድሱ የገቡ። ስለዚህ «አደገኛ ከሆነ ሰው ልቅጠር» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። አደጋውን ከራስ አንሥቶ በዕለት እንጀራ ፈላጊው ላይ መጫን ይሆናል።

እንግዲህ ማን ይሥራው?

እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ። ባኞው ወፍራም ብረት ሆኖ የመጀመሪያው መስተዋት ሳይቀባ እንዳለ ከሆነ፣ ባኞ ቤቱ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ካለው፣ ለሦስት ቀን ሌላ ቦታ መታጠብ የሚቻል ከሆነና ሠሪው ትዕግሥት ያለው ሰው ከሆነ በብሩሽ የሚቀባውን ልባስ ገዝቶ ራሱ ቢሞክረው አልቃወምም። መስኮቱ ተከፍቶ፣ ወደ ውጭ የሚነፍስ ቬንትሌተር ተደርጎ፣ ጓንት ተለብሶ ይሁን። ክብሪትና ምድጃ ከአጠገቡ ይራቁ። በዚያ ቤት አስም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ ግን ሌላ ቦታ ይደር።

አሮጌ ልባስ መፋቅ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ለባለሙያ ይተው። በመርጫ የሚረጨውም ልባስ እንደዚሁ ነው፤ በዩሬታን ውስጥ ያለው ኢሶሳያኔት የተባለ ነገር ሲረጭ ወደ ሳንባ ገብቶ የዕድሜ ልክ አስም ሊያስይዝ ይችላል። መስኮት በሌለው ባኞ ቤት ውስጥም ራስን አለመፈተን ነው። ስለ ፕላስቲኩ ባኞ ብዙ አልናገርም፤ ከሥሩ የሚተጣጠፍ ከሆነ ማንም ቢቀባው ይሰነጠቃል።

የተከራየ ሰው ከሁሉ በፊት አከራዩን ይጠይቅ። «ጋሼ፣ ባኞውን ላሳድሰው አስቤ ነበር፤ ከኪራዩ ይታሰብልኛል?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ሽማግሌው እሺ ካሉ በወረቀት ይጻፍ። እምቢ ካሉም በሰው ንብረት ላይ የራስን ደመወዝ ከማፍሰስ ይሻላል።

ባለሙያ ሲጠራ ደግሞ ዋጋውን ብቻ ተከራክሮ መለያየት አይገባም። «ወንድሜ፣ አሮጌውን በምን ታነሣዋለህ? አየሩን በየት በኩል ታስወጣለህ? ስንት ቀን ይደርቃል? ቢላጥ ተመልሰህ ትሠራልኛለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። የፈሳሹን ስም የማይናገር ወይም «እኔ ለምጄዋለሁ፣ ምንም አልሆንም» የሚል ከሆነ ሌላ ይፈለግ። ሥራውን «በግማሽ ቀን ጨርሼ ማታ ትታጠቡበታላችሁ» የሚለውንም እንደዚሁ። የመጣው ሰው ሲሠራ በሩ አይዘጋበት፤ አልፎ አልፎ በስሙ ይጠራ። ድምፁ ቢጠፋና በገንዳው ላይ ተደፍቶ ቢገኝ እርሱን ለማንሣት ወደ ገንዳው ጎንበስ ማለት ሁለተኛ ሰው ይጥላል፤ በርና መስኮት ከፍቶ፣ ጎረቤት ጠርቶ፣ ከተቻለ ከእግሩ ይዞ ወደ ውጭ መሳብና እርዳታ መጥራት ነው።

ከታደሰ በኋላ ባኞው እንደ አዲስ ሙሽራ በጥንቃቄ ይያዛል። በለስላሳ ጨርቅና በፈሳሽ ሳሙና ይታጠባል፤ ዱቄትና ሽቦ አይነካውም። ከሥሩ የሚጣበቅ የላስቲክ ምንጣፍ ልባሱን ይዞ ስለሚነሣ ፈጽሞ አይደረግበት። ቧንቧው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ከማስቀባት በፊት ይሠራ፤ በራሱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ጎማ መለወጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሌት ተቀን በአንድ ቦታ የሚወርድ ጠብታ ግን የሁለት ሳምንት ደመወዝ የፈሰሰበትን ልባስ ከዚያው ቦታ ጀምሮ ይበላዋል።